ለልደታ የሚሸለቱ በጎች

ጋሽ ሣህሌ የጆሮ መስሚያ መሣሪያቸውን የሚያበሩት ለሦስት ነገር ነው፤ ለቅዳሴ፣ ለዜና እና በግ ሊገዛ ለመጣ ሰው። ቅዳሴውን ያዳምጣሉ። ዜናውን ይሰድባሉ። በግ ገዢውን ደግሞ ንግግሩን አስጨርሰው፣ መሣሪያዋን ጠቅ አድርገው ያጠፉና «ምን አልክ?» ይሉታል። ሰውየው እንደገና ይጀምራል። እንደገና «ምን አልክ?» ይሉታል። በመጨረሻ ደክሞት ቁልቁለቱን ይወርዳል። በጎቹ እስካሁን የቆዩት በዚህ ዘዴ ነው።

ይህን የማውቀው መሣሪያዋን የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ ነው። ቀበና ድልድዩን ሳይሻገሩ፣ ሬዲዮ፣ ካውያ፣ ቻርጀር እና ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ዕቃ ሁሉ የምፈታባት ሱቅ አለችኝ። ጋሽ ሣህሌ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወርደው «ታዴዎስ፣ ይቺ ነገር ደግሞ አፏጨችብኝ» ሲሉኝ የጆሮ ኩኩን ጠርጌ ባትሪ እቀይራለሁ። አንዳንዴ ለመውረድ ጉልበታቸው እምቢ ሲል እኔው ባትሪውን ይዤ እወጣለሁ።

የጋሽ ሣህሌ በጎች እንጦጦ ላይ ከሚታዩት በጎች ጋር አይመሳሰሉም። የሌሎቹ ጠጉር ለመልክ ያህል ነው። የእነዚህ ዓይናቸውን ጋርዶ ጉልበታቸው ድረስ ይወርዳል፤ በጉም ውስጥ ከሩቅ ሲታዩ ባሕር ዛፉ ሥር ተከናንቦ የተቀመጠ ሰው ይመስላሉ። እንዲህ ያደረጓቸው የጋሽ ሣህሌ ባለቤት እትዬ በለጡ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ሰው አውራ በግ ሲመርጥ ላቱን ይመዝናል፣ ቀንዱን ያያል፣ ወገቡን ይጫናል። እትዬ በለጡ ከእነዚህ አንዱንም አያደርጉም ነበር። ከጠቦቱ ትከሻ ላይ ስስ ዘለላ ጠጉር ይቆርጡና ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጃቸው ወጥረው፣ ጆሯቸው ሥር አስጠግተው በአንዱ ጣታቸው ይመቱታል፤ ክራር እንደሚቃኝ ሰው። ጠንካራ ጠጉር «ጥን» ይላል። ደካማው እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ አንዳንዴም እዚያው ይበጠሳል። «ጥን» ያለው ለዘር ይቀራል፣ የተንኮሻኮሸው ለፋሲካ ይታረዳል። ከሙሽርነታቸው ጀምረው እስኪያረጁ እንዲህ ሲያዳምጡ ኖሩ።

እኔም ያደግሁት በእነዚያ በጎች ጠጉር ሥር ነው። እናቴ ከእሳቸው ያሠራችው ባና ነበረን፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ወንድማማቾቹን ሁሉ ባንድ ላይ የሚሸፍን። ባናውን ልንቀበል የወጣን ቀን እትዬ በለጡ አንድ ዘለላ ጠጉር ጆሮዬ ሥር መትተው «ምን አለህ?» ብለውኛል። «ጥን» አልኩ። «ይሄ ልጅ ጆሮ አለው» አሉ ለእናቴ። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ ምስጋና ስላልመጣ ይቺን አልረሳኋትም።

ባናው አንገት ይኮሰኩሳል። ክረምት ገብቶ የቀበና ወንዝ ሞልቶ ድንጋይ ሲያንከባልል፣ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ባናው እርጥበት ይነካውና በግ በግ ይሸታል። እኛም ከወንዙ ጩኸት ሸሽተን እዚያ ሽታ ውስጥ እንገባ ነበር። አሁን የምተኛበት ብርድ ልብስ ላይ ነብር ተሥሎበታል። ያስፈራል እንጂ አያሞቅም።

እትዬ በለጡ በጎቹን የሚሸልቱት በዓመት አንድ ጊዜ፣ የግንቦት ልደታ ማግሥት ነበር። በልደታ ንፍሮ ቀቅለው ጎረቤቱን ያበላሉ፤ በማግሥቱ ያማትቡና መቀሱን ያነሣሉ። እግር ያዡ ጋሽ ሣህሌ ናቸው። በየዓመቱም አንዱን በግ ገና ሲይዙ ያችኑ ክርክር ይጀምራሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አሁን ይሄ መሸለቻ ጊዜ ነው? በጋውን ሙሉ ጭድ ሲቆረጥሙ የከረሙ በጎች ምን ጠጉር አላቸው? ክረምቱን ግጠው፣ ጠግበው፣ ለመስቀል ብትሸልቺ እኮ እጥፍ ታገኚ ነበር!»

«ዝም ብለህ እግሩን ያዝ።»

ከዚህ ሌላ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ስለዚህ ጋሽ ሣህሌ መልሱን በራሳቸው ጊዜ አዘጋጁት። ነገሩ ስለት ነው። ባለቤታቸው ለልደታ የተሳሉት አንድ ነገር አለ፤ ምናልባትም አንድ ልጃቸው ሠናይት ስትወለድ። ስለት ደግሞ አይመረመርም። ይህን ከወሰኑ በኋላ ክርክሩን ባይተዉም ድምፃቸውን ቀነሱ።

እትዬ በለጡ አምና በበጋው ታመሙ። ጋሽ ሣህሌ ሆስፒታል በር ላይ ከረሙ። በጎቹ በረት ተዘግቶባቸው፣ ጎረቤታቸው ሰገነት ከራሷ ላም ቀንሳ የምትጥልላቸውን ጭድ ሲጠባበቁ ቆዩ። መጋቢት ላይ እትዬ በለጡ አርፈው ኪዳነ ምሕረት ተቀበሩ።

ግንቦት ደረሰ። የልደታ ማግሥት ጋሽ ሣህሌ መቀሱን ይዘው በረት ገቡ፤ ተመልሰውም ወጡ። የሟች ስለት በሌላ ሰው እጅ ይፈጸማል ወይ ብለው የንስሐ አባታቸውን አባ ሕሩይን ጠየቁ። አባ ሕሩይ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ።

«ስለቱ የእሷ ነበር፤ ፈጽማው ሄዳለች። አንተ በመሰለህ ጊዜ ሸልት፣ ልጄ» አሉ።

ስለት መኖር አለመኖሩን የጠየቀ የለም።

ለጋሽ ሣህሌ የመሰላቸው ጊዜ መስቀል ነበር። ያን ቀን እግር የያዝኩት እኔ ነኝ። በጎቹ ክረምቱን ለምለም ሲግጡ ከርመዋል፤ ጠጉሩም ግንቦት ላይ ስላልተነካ እጅግ ረዝሞ መቀስ አልገባ አለው። ሲወድቅ እንደ ምንጣፍ እየተጠቀለለ ነው። መንገደኛው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል። ጋሽ ሣህሌ ክምሩን በሁለት እጃቸው አቅፈው «ይኸው! ዕድሜ ልኬን ስናገር የኖርኩት ይህን ነው!» ብለው ወደ ቤቱ በር ዞሩ።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ክምሩን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ሠናይትም የመጣችው ያን ቀን ነው። ካራ ኮንዶሚኒየም ከባሏ ጋር የምትኖር አስተማሪ ናት። እናቷ ካረፉ ጀምሮ አባቷን ወስዳ እሷ ጋ ልታኖራቸው ትለምናለች። ምክንያት አላጣችም፤ ብርዱ፣ ብቸኝነቱ፣ ደኑ ከታጠረ ወዲህ የበጎቹ መስክ መጥበቡ፣ ስትደውል የማይነሣው ስልክ።

«አባዬ፣ ሲሪየስ ነኝ። አንድ ቀን እዚህ ብትወድቅ ማን ያነሣሃል?»

«በጎቹ።»

«አባዬ!»

«እሺ ስሚኝ» አሉ፣ ልባቸው በክምሩ ሞልቶ። «ይህ ጠጉር ባና ይሁን። እንደ እናትሽ ባና ከሆነ እኔም በጎቹም ከዚህ አንነቃነቅም፤ ሁለተኛም እንዳትጨቀጭቂኝ። ካልሆነ ግን የእናትሽ ዘር አልቆለታል ማለት ነው። ለፋሲካ ሁሉንም ሸጬ ካራ እገባለሁ።»

ሠናይት ክምሩን አየች። የተሸነፈች መሰላት። «ኦኬ። ብቻ ቃልህን እንዳታጥፍ» አለች፣ ለወጉ ያህል።

መጀመሪያ ያጉረመረመችው ሰገነት ናት። መፍተሉን የያዘችው እሷ ነበረች። «በደጋን ስነድፈው ይቆራረጣል፣ በእንዝርት ስስበው ይለያየኛል። ይሄ ጠጉር አኩርፏል» አለች። ጋሽ ሣህሌ የሰገነትን እጅ ጠረጠሩ። እንደምንም የፈተለችውን ልቃቂት በፌስታል ይዘን ካራ ወደ ሸማኔው ወደ ማዕረግ ወረድን። የእትዬ በለጡን ባናዎች በሙሉ የሠራ ሰው ነው። ክሩን ገና በጣቱ ሲነካው ወሬውን አቋረጠ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደወለልኝ፤ ጋሽ ሣህሌ ስልክ ስለማይሰሙ መጥፎ ነገር የሚነገረው ለእኔ ነው። «ድሩን ልወጥር ብል በየስንዝሩ ይበጠሳል። ከክሩ ቋጠሮው በዛ። ለጋሼ ንገርልኝ፤ ይሄ ባና አይወጣውም። ትራስ ይሙሉበት።»

ወሬው ኪዳነ ምሕረት ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ሰፈሩም ምክንያት አላጣም። አንዱ ለመስቀል ፎቶ ያነሣው ሁሉ ዓይኑን ጥሎባቸው ነው አለ። አንዱ የስልክ ማማውን ጠረጠረ። ሰገነት በጎቹ ሐዘን ገብቷቸው ነው አለች፤ ከሁሉም ለእውነት የቀረበችው እሷ ነበረች፣ ያን ጊዜ ግን ማናችንም አላወቅንም። ጋሽ ሣህሌ ማንንም አልወቀሱም።

«በጆሮዋ የምትመርጥ ሴት ሞታ ደንቆሮ ሽማግሌ ሲቀር፣ ሌላ ምን ይጠበቃል?» አሉ።

ፋሲካ ሲቃረብ ፍሮምሳ የሚባል በግ ነጋዴ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። ከዚህ በፊትም እየመጣ «ምን አልክ?» ሲባል ውሎ ባዶ እጁን ተመልሷል። እኔ ባትሪ ላደርስ ወጥቼ እዚያው ነበርኩ። ሠናይትም የእናቷን ዕቃ ልትሸክፍ መጥታለች። ፍሮምሳ እንደ ልማዱ ተስፋ ሳያደርግ ተናግሮ ጨረሰ። ሁላችንም የጋሽ ሣህሌን እጅ አየን። ወደ ጆሯቸው አልሄደም።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ውሰዳቸው።»

ፍሮምሳ ራሱ ደነገጠ። «ሁሉንም፣ ጋሼ? አውራውንም?»

«አውራውንም።»

ሠናይት ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የጆንያ አፍ እያሰረች ነበር። በአንደኛው ውስጥ ሳይፈተል የቀረው ጠጉር አለ። ልጅ ሳለች እናቷ ሥራውን ሊያስተምሯት ሲጠሯት ትሸሽ ነበር፤ ተማሪ ቤት «በጊቱ» እያሉ ስላሾፉባት። ያን ቀን ግን እጇ ሳታዘው ሄዶ አንድ ዘለላ መዘዘ። ወጠረችው፣ ጆሮዋ ሥር አስጠጋችው፣ መታችው። ተበጠሰ። ሌላ መዘዘች። ያም ተበጠሰ። ሌላም። ቁርጥራጮቹን ጉልበቷ ላይ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። ሁሉም የተበጠሱት መሃላቸው ላይ፣ አንድ ቦታ ነው።

ከዚያ አንዱን ግማሽ አንሥታ ወጠረችና መታች። ሌላኛውንም ግማሽ እንደዚሁ። የቆምኩበት ድረስ ተሰማኝ።

ጥን።

ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ድምፁን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ጋሽ ሣህሌና ፍሮምሳ በረቱ ጋ ናቸው፣ አልሰሙም። ጆንያውን አስራ ዝም ብትል አባቷ ለፋሲካ ካራ ናቸው። ሳሎኗ ውስጥ አልጋ ተዘርግቶላቸዋል፣ አንሶላው ሳይቀር ተነጥፏል። እኔ ልናገር? እኔ እግር ያዥ ነኝ፤ ነገሩ የእሷ ነው። ቁርጥራጮቹን ሰብስባ ወደ ጆንያው ልትከት እጇን ሰደደች። በረቱ በር ላይ ጋሽ ሣህሌ የአውራውን በግ ጠጉር ከዓይኑ ላይ እየገለጡለት ነበር፤ ፎቶ ሊነሣ የቆመ ልጃቸውን የሚያስተካክሉ ይመስል።

እጇ ጆንያው አፍ ላይ ቆመ።

«አባዬ» አለች። «አባዬ፣ እስኪ ና።»

መጡ። ያልተበጠሰ ዘለላ ሰጠቻቸው። «ዓይንህን ተወው። በጣትህ ዳብሰው፣ ከጫፍ ጀምረህ።»

ጋሽ ሣህሌ ጠጉሩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሃል ቀስ ብለው ሳቡት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። አለፉ። መልሰው መጡና እዚያው ቆሙ።

«እዚህ ጋ ቀጥኗል።»

«ይሄኛው ጫፍ የካቻምናው ክረምት ነው፤ እማዬ ለመጨረሻ ጊዜ ከሸለተች በኋላ የበቀለው። ይሄኛው ደግሞ የአምናው ክረምት። ሁለቱም ጠንካራ ናቸው፣ ሁለቱም ጥን ይላሉ። ጠግበው ያበቀሉት ነው።»

«መሃሉስ?»

ሠናይት ወደ ታሰሩት የእናቷ ጆንያዎች ዞረች።

«እሷ የተኛችበት በጋ ነው» አሉ ጋሽ ሣህሌ።

ጠጉሩን አልለቀቁትም። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ሲያንቀሳቅሰው ፍሮምሳ ኮፍያውን አወለቀ፤ ምን እንደተባለ ባይገባውም ኮፍያ የሚወልቅበት ነገር እንደሆነ ገብቶታል። ቆይተው ግን የጋሽ ሣህሌ ፊት ላይ ያ የድሮው የክርክር መልክ መጣ።

«ቆይ እንጂ። ያ በጋ ከፋ እንበል። በጋ ግን በየዓመቱ አለ፤ በየዓመቱ ጭድ ነው የሚበሉት። የእናትሽ ባና ታዲያ ለምን አልተበጠሰም?»

ሠናይት ዘለላውን ተቀብላ ስሱ ቦታ ላይ ሁለት ጣቶቿን እንደ መቀስ አሳረፈች። «እማዬ የምትቆርጠው እዚህ ጋ ነዋ። በጋው ሲያልቅ፣ ክረምቱ ሳይገባ። ያን ጊዜ ስሱ ጠርዝ ላይ ይቀራል፤ ጠርዝ ላይ ካለ ከምን ይበጠሳል? አንተ ለመስቀል ስትሸልት መሃል አስገባኸው።»

ጋሽ ሣህሌ ጣቶቿን አዩ። ደጃፉን አዩ።

«ስለት አልነበረም?» አሉ።

«የምን ስለት?»

«የልደታ።»

«ስለት ነው ብላህ ነበር?»

«እግሩን ያዝ ነው ያለችኝ።»

ሠናይት መሳቅ ጀምራ መሃሉ ላይ ተወችው። አባቷም «ቃሌስ? ሰጥቼሻለሁ እኮ» አሉ።

«ቃልህ ባናው እንደ እማዬ ካልሆነ ነው። እንደ እማዬ የተሸለተ ጠጉር ገና የለንም።» ይህን ስትል ወደ ካራ አቅጣጫ ዞራ ነበር፤ የተነጠፈውን አልጋ እያሰበች ይመስለኛል።

ፍሮምሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ አይሱዙ አስቁሜያለሁ። በጎቹን ልጫን?»

ጋሽ ሣህሌ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱ። ጠቅ።

«ምን አልክ?»

ፍሮምሳ ባዶውን አልሄደም። መስኩ እውነትም ጠቧልና ለዘር የማይሆኑትን ጠቦቶች ወሰደ፤ አውራውና እናት በጎቹ ቀሩ። ሠናይት የሳሎኑን አልጋ አስፈትታ ወደ እንጦጦ አስወጣችው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች የምትተኛበት እሷ ናት። አባቷ አልጋውን «ካራ» ይሉታል። «ዛሬ ካራ ላይ በግ ወጥቶበታል» ሲሉ ሰምቼ ግራ የገባኝ ጊዜ ነበር።

ለግንቦት ልደታ ንፍሮውን ሰገነት ቀቀለች፤ ጨው በዛበት፣ ሁሉም ግን በላ። በማግሥቱ ሠናይት አማትባ መቀሱን አነሣች። የእናቷ እጅ የላትም፤ የሸለተችው በግ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የእንጦጦን መንገድ መሰለ። እኔ ጆንያ ያዝኩ። እግር የያዙት ጋሽ ሣህሌ ናቸው። አውራው ላይ ሲደርሱ ጠጉሩን በጣታቸው ከፈል አድርገው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ይሄ መሸለቻ ጊዜ ነው? ስስ እኮ ነው። ክረምቱ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጥቂት ቢታገሡት...»

«አባዬ፣ ዝም ብለህ እግሩን ያዝ።»

ሠናይት ራሷ ደንግጣ መቀሱን አቆመች። ጋሽ ሣህሌ ከንፈሯን አንብበውት ይሁን ለምደውት እንጃ፣ ቀና አላሉም። እግሩን አጥብቀው ያዙ።

ተሸልቶ ሲያልቅ ሠናይት ከትከሻው ጠጉር አንድ ዘለላ ለይታ ወጠረች። ጆሮዋ ሥር ልታስጠጋው ስትል ሐሳቧን ለውጣ ወደ አባቷ ጆሮ አስጠጋችው። መታችው። እኔ ጆንያዬን ይዤ ከቆምኩበት ጥርት ብሎ ሰማሁት።

ጋሽ ሣህሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ሰማሁት» አሉ። «የድሮው ነው።»

እኔ የጆንያዬን አፍ አሰርኩ። መሣሪያቸው ከትናንት ወዲያ አፏጭታ፣ ቀበና እኔ ሱቅ ውስጥ ተፈትታ ተቀምጣለች።